ሰኞ ቀትር ላይ የወረደው ድምፅ

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጁስ ቤት ያላት አልማዝ ሱቄ ውስጥ ቆማ ተቆጣችኝ። ድምፁ ጠፍቶ የነበረውን ማጉያዋን ሠርቼላት ጠረጴዛው ላይ እየዘፈነ ነው፤ እሷ ደግሞ በር ላይ ባጃጅ አስቁማለች።

“ጋሽ ደምሴ፣ ሠራ እኮ! ይስጡኝና ልሂድ።”

“ስምንት ሰዓት ላይ ነይ።”

“አሁን ምን ጎደለው?”

“ምንም። ቀትር አላለፈበትም።”

“እንደ ጨቅላ ልጅ ፀሐይ ሊያሞቁት ነው?” አለችና ባጃጁን አሰናበተችው። ስትወጣም ለጎረቤቴ ለልብስ ሰፊው “ሰውዬው አርጅቷል” ስትለው ሰማሁ። ጆሮዬ አላረጀም።

ሚዛን ተፈሪ ውስጥ የእኔ እጅ ያልነካው ሬዲዮ ከተገኘ ትናንት ከሌላ አገር የመጣ መሆን አለበት። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጉራም ከሆነ እውነተኛ ጉራ ነው። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን ያስተማረኝ መንገድ ሠሪዎች ጥለውት የሄዱት፣ ሽፋኑ የወደቀ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ነው። ቋንቋውን አላውቅም ነበርና ሥዕሎቹን አነበብኩ። መሐንዲስ የተባሉ ሰዎች “አይሠራም” ብለው የመለሱትን ዕቃ ሠርቼ ያዘፈንኩበት ጊዜ ብዙ ነው። ይህ ሁሉ ሆኖ፣ ቀትር ሳያልፍበት ከሱቄ የሚወጣ ዕቃ የለም። ምክንያቱን ለደንበኞቼ ግማሹን ብቻ ነው የምነግራቸው። እዚህ ሁለቱንም ግማሽ ልጻፈው።

ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። ዘመኑ የደርግ ነው። ከቴፒ ወጣ ብሎ የሚገኝ አንድ የቡና እርሻ የሠራተኞች ክበብ ነበረው፤ ክበቡ ደግሞ የኪነት ቡድን። ለቡድኑ ከውጭ አገር ወዳጆች ሲንተሳይዘር በስጦታ መጥቶለት ነበር። የዛሬ ልጆች የሚያውቁት ዓይነት፣ ውስጡ ኮምፒውተር ያለበት ኪቦርድ አይደለም። ድምፁን የሚያመነጨው በትራንዚስተርና በኤሌክትሪክ ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ ብቻ ያወጣል፤ ያ አንድ ድምፅ ግን ሲፈልግ ዋሽንት፣ ሲፈልግ መለከት፣ ሲፈልግ በሕይወታችን ሰምተነው የማናውቀው ነገር ይሆናል።

በመስከረም መጨረሻ አንድ ቅዳሜ የእርሻው የጭነት መኪና ሾፌር ማኅተም ያለበት ወረቀት ይዞልኝ መጣ። “ቴክኒሽያን ደምሴ በአስቸኳይ ይፈለጋል” ይላል። ቴክኒሽያን ተብዬ ስጻፍ የመጀመሪያዬ ነበር። ወረቀቱን ለእናቴም ለጎረቤትም ካሳየሁ በኋላ መለኪያዬንና መበየጃዬን በሣጥን ይዤ ጭነቱ ላይ ወጣሁ። መንገዱ በጭቃ ተቦክቶ፣ መኪናው እያቃሰተ፣ በደኑ ውስጥ ከጥላው ዛፍ ሥር የቀላውን ቡና እያየን ቁልቁል ወረድን። ሚዛን ላይ ለብሼው የተነሳሁትን ሹራብ አጋማሽ ላይ አወለቅኩት። ቴፒ ስንደርስ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጥፎ ነበር።

የክበቡ ሊቀ መንበር ጓድ ተካ አጭር፣ ደንዳና፣ ሲናገር ጣቱን የሚቆጥር ሰው ነበር። ነገሩን በአጭሩ አስረዳኝ። ባለፈው ወር እንግዶች መጥተው፣ የኪነት ቡድኑ ከምሳ በፊት መዝሙር ሲያቀርብ ሙዚቃው ተንሻፈፈ። ዘፋኟ መሃል ላይ አቋረጠች፤ እንግዶቹም ሳቁ።

“ተጫዋቹ ያዕቆብ ይባላል” አለኝ። “ቀን ቀን ቡና የሚመዝን የሸኮ ልጅ ነው። ጴንጤ ነው፤ አኮርዲዮን ቤተ ክርስቲያን ነው የተማረው። ስንጠይቀው ‘መሣሪያው ነው የሚወርደው’ ይላል። ጠዋት ሲለማመድ ደህና፣ እንግዳ ፊት ሲሆን ብልሹ! ይህ አሻጥር ነው አይደለም? ነገ ሠራተኛው ፊት መርምረህ ፍረድ።”

ፍረድ አለኝ። ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር ብያችኋለሁ።

እሑድ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አዳራሹ በሰው ሞላ። ውጭው ጉም ነው፤ የቡናው ቅጠል ጤዛ ያንጠባጥባል፤ ሰው ጋቢውን እንደተከናነበ ተቀምጧል። ያዕቆብን በሁለት ጥበቃዎች መሃል አቁመውታል። ረዥም፣ ቀጭን፣ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው የጠፋው ልጅ ነበር፤ ከእኔ ቢያንስ ወይ ቢበልጥ በአንድ ዓመት ነው። የመሣሪያውን ጀርባ ፈታሁ። አቧራውን በብሩሽ ጠረግሁ፤ ባያስፈልግም ሁለት ሦስት ቦታ መለኪያዬን አስነካሁ፣ ሰው ያያላ! ከዚያ ገጥሜ ከታችኛው የዶ ኖታ እስከ ላይኛው ዶ ወጣሁ፤ ወረድኩ። ጥርት ያለ ድምፅ ነው። አንድ ሁሉም የሚያውቀውን ዜማም ተጫወትኩ። ከዚያ ተነሥቼ እንዲህ አልኩ፦

“መሣሪያው ፍጹም ጤነኛ ነው። የታመመው ጣት ነው።”

አዳራሹ አጨበጨበ። ያዕቆብ እኔን አላየኝም፤ መሣሪያውን ነበር የሚያየው።

“ቀትር ላይ ይሞከር” አለ ቀስ ብሎ።

“መሣሪያ ምሳ አይበላ፣ ቀትር ምን ያደርግለታል?” አልኩት።

ሰው በሳቅ ፈነዳ። ጓድ ተካ ራሱ ዕንባውን ጠረገ። ያዕቆብን ይዘውት ወጡና ባዶ ጆንያ የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ቆለፉበት። ከአውራጃ ሰው መጥቶ እስኪወስደው እዚያ ይቆያል ተባለ። ወዴት እንደሚወስደው ማንም አልተናገረም፤ በዚያ ዘመን የሚጠይቅም አልነበረም።

ያን ሌሊት የጣለው ዝናብ ከሚዛን የመጣሁበትን መንገድ ዳገቱ ላይ ናደው። ሰኞ ማለዳ ሣጥኔን ተሸክሜ መኪና ስጠብቅ ጓድ ተካ መጣ።

“የት ልትሄድ? መንገድ የለም። ደግሞ አርብ ሌሎች እንግዶች ይመጣሉ። ጤነኛ ጣት ያለህ አንተ ነህ፤ አንተ ትጫወታለህ።”

“ጓድ፣ እኔ ጠጋኝ እንጂ ተጫዋች አይደለሁም።”

“እሑድ ሲጫወት ያየሁት ማንን ነው ታዲያ?”

መሣሪያውን ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ አስገብተው እኔንም አብረው አስገቡኝ። “እንዳትረበሽ” ብሎ ጓድ ተካ በሩን ከውጭ ቆለፈው። በሩ ላይ ጋሽ ወልዴ የሚባሉ ሽማግሌ ጥበቃ ተቀመጡ። መስኮቷ አንዲት ናት፤ እሷም ሽቦ የተመታባት። ጣሪያውም ግድግዳውም ቆርቆሮ ነው፤ አንዱ ወገን ብቻ ከጆንያው ክፍል በሳንቃ ተከፍሏል። ማዳበሪያ፣ አሮጌ ጎማ፣ የተሰበረ ወንበር፣ አቧራ የለበሰ ማዞሪያ ያለው ስልክ፤ ሁሉም እርጥብ ጆንያ ይሸታል። ከውጭ የቡና ማጠቢያው ሞተር ይጮኻል፤ መብራት የሚመጣውም እሱ ሲሠራ ነው። ፀሐዩ ጉሙን ገፎ ቆርቆሮውን መምታት ሲጀምር ጣሪያው ይንጣጣል፤ ከዚያ በኋላ ውስጡ እንደ ድስት ነው። ጋሽ ወልዴ በበሩ ክፍተት የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ አቀበሉኝ። የዳጣው ቃጠሎና የቤቱ ሙቀት ተደምረው ላቤ ከአገጬ ላይ ቁልፎቹ ላይ ይንጠባጠብ ነበር።

ስድስት ሰዓት ላይ ይመስለኛል፤ ታችኛውን ዶ ነካሁ፤ ደህና። ላይኛውን ዶ ነካሁ፤ ወርዷል። እንደገና ነካሁ። ሦስተኛ ጊዜ ነካሁ። ጣቴን አነሣሁ።

ያን ጊዜ አወቅሁ። ይህን ነገር ለራሴ ስተርክ ብዙ ዓመት “ተጠራጠርኩ” እያልኩ ነበር፤ ነገር ግን አልተጠራጠርኩም፣ አወቅሁ። ማስተካከያውን አዙሬ ላይኛውን ዶ ወደ ቦታው መለስኩት። አሥር ሰዓት ላይ ዝናብ ጣሪያውን ሲያቀዘቅዘው ያው ዶ ደግሞ ከቦታው አልፎ ወጣ። ልጁ እውነቱን ነበር።

በሩን ልደበድብ ተነሣሁ። በሩ ድረስም ሄድኩ። ግን ምን ልበል? ሁለት መቶ ሰው ፊት ፈርጃለሁ። ጓድ ተካ “ሕዝብ ፊት ዋሽተሃል፣ ተመሳጥራችኋል” ቢለኝ የጆንያው ክፍል ለሁለት ሰው ይበቃል። ይህ ፍርሃት እውነተኛ ነበር። ከፍርሃቱ በታች ግን ሌላ ነገር ነበር፦ ያ ሳቅ። ያ ሁሉ ሰው በእኔ ቀልድ ሲስቅ የሰማሁት ገና ትናንት ነው። ተመልሼ ወንበሩ ላይ ተቀመጥኩ።

ማክሰኞ ቀትር ላይ እንደገና ሳነካካ፣ ከሳንቃው ወዲያ ድምፅ ሰማሁ።

“ታችኛውን ተወው። የሚወርደው የላይኛው ነው።”

“ማነው?”

“ጣቱ የታመመው ሰውዬ ነኝ።”

ወደ ሳንቃው ተጠጋሁ። እሱ ቀጠለ፤ “ከፍ ባልክ ቁጥር ይብስበታል። መሃሉ ትንሽ፣ ላይኛው ብዙ። ሁለት ወር ሙሉ ሰምቼዋለሁ። ነገርካቸው?”

“መጀመሪያ ልሥራው። ሠርቼ ባሳያቸው ያምኑኛል።”

“እሺ” አለ ከሳንቃው ወዲያ።

ያዕቆብ ጆሮው ከእኔ መለኪያ ይበልጥ ነበር። እኔ እንዲህ ያለ ነገር ለማንም አልልም፤ ለእሱ እላለሁ። አንድ ሐሳብ መጣልኝ። በድንጋይ ላይኛውን ቁልፍ ተጭኜ ተውኩትና፣ በመሣሪያው ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች አንድ በአንድ በሁለት ጣቴ እየያዝኩ በእጄ ሙቀት ማሞቅ ጀመርኩ። እሱ ከሳንቃው ወዲያ ያዳምጣል።

“አሁንስ?”

“ምንም።”

“አሁን?”

“ምንም። ቀጥል።”

“አሁን?”

“ያዘው! ወረደ። እሱ ነው ሌባው።”

ሌባው ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ ትራንዚስተሮች ነበሩ። ጣት ቁልፍ ሲጫን፣ ይህን ያህል ቮልቴጅ ማለት ይህን ያህል ከፍ ያለ ድምፅ ነው ብለው የሚተረጉሙት እነሱ ናቸው። ሲሞቃቸው ይሰንፋሉ። አንድ እርምጃ ሂዱ ሲባሉ ትንሽ ያጓድላሉ፤ አምስት ሲባሉ አምስት እጥፍ ያጓድላሉ። ታችኛው ዶ ደህና ሆኖ ላይኛው የሚወርደው ለዚህ ነው። መሣሪያው የተሠራበት አገር ብርድ ነው፤ ቤቱም ዓመቱን ሙሉ አንድ ዓይነት ሙቀት ይኖረው ይሆናል። የሠሩት ሰዎች የቴፒን ቆርቆሮ ጣሪያ አላሰቡትም።

በሽታውን ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መድኃኒቱ ሌላ። እነሱ በሰነፉ ልክ የሚበረታ ነገር ያስፈልጋል። ረቡዕ ጠዋት ሳስብ ዓይኔ ያ አሮጌ ስልክ ላይ አረፈ። ስልክ ሲደወል ደወሉን የሚመታው በቀጭን የመዳብ ሽቦ ጥቅልል ነው። ሚዛን ሱቄ ውስጥ ሳለሁ የትራንስፎርመር ጥቅልል ሲሞቅ ስለካው ቁጥሩ ከፍ እያለ ያስቸግረኝ ነበር፤ ሁልጊዜም የመለኪያዬን ባትሪ እረግም ነበር። ያን ጠዋት ግን ራሴን በጥፊ መታሁ። ባትሪው አይደለም! መዳብ ሲሞቅ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበትን መንገድ ያጠባል፤ ባህሪው ነው። የስልኩን ጥቅልል አውጥቼ በጠዋቱ ቅዝቃዜ ለካሁት፤ በቀትርም ለካሁት። ጨምሯል። ወደ ትራንዚስተሮቹ ከሚሄደው ቮልቴጅ ከፊሉን ወደ ጎን እያፈሰሰ የሚመጥነውን ሬዚስተር አውጥቼ በቦታው ጥቅልሉን በየድኩ። እነሱ በሞቃቸውና በሰነፉ ቁጥር ጥቅልሉም አብሮ ይሞቃል፤ መንገዱ ስለሚጠብ ወደ ጎን የሚፈሰው ያንሳል፤ የሚደርሳቸውም ቮልቴጅ በዚያው ልክ ይጨምራል።

ግን ሁለቱ እኩል መሞቅ አለባቸው፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ዘግይቶ ከሆነ ነገሩ ከንቱ ነው። ጋሽ ወልዴ ከጌጫ የመጣ ማር ከነሰፈፉ ነበራቸው። ማሩን ለሁለታችን አካፍለው ሰፈፉን ሰጡኝ፤ አቅልጬ ሰሙን አወጣሁ። ጥቅልሉንና ትራንዚስተሮቹን አንድ የጫማ ቀለም ቆርቆሮ ውስጥ አስቀምጬ ሰሙን አፈሰስኩባቸው። አንድ ቤት ገቡ።

ከዚያ የቀረው ልኩን ማግኘት ነበር፤ ከሰሙ ውጭ ከተረፈው የጥቅልሉ ጫፍ ላይ ጥቂት ሽቦ እየፈታሁ እየቆረጥኩ መሞከር። ለዚህ ደግሞ የያዕቆብ ጆሮ ያስፈልገኛል። ያን ቀን ከሰዓት ግን ስጠራው ቶሎ አይመልስም።

“ያዕቆብ! አሁንስ?”

ሳንቃውን አንኳኳሁ።

“ያዕቆብ!”

“ወር... ወርዷል። ትንሽ ነው።” ጥርሱ ይንገጫገጫል። በዚያ እሳት ውስጥ ይበርደዋል። ወባ ነው።

ጋሽ ወልዴ የቡና ቅጠል ከሚጥሚጣና ከኮረሪማ ጋር አፍልተው አጠጡት። ከዚያ ወደ እኔ በር መጡ። “አንተ ልጅ፣ ይህ ልጅ ይሞትብኛል። የምታውቀው ነገር ካለ ንገራቸው” አሉኝ።

“ነገ ቀትር” አልኳቸው። “አንድ ቀን ብቻ። ቀትር ላይ ሳልሞክረው ብጠራቸውና ቢወርድ ሁለታችንም እናልቃለን።”

ይህ መልስ ትክክል ነበር። ማንኛውም ባለሙያ ይህንኑ ይላል። እስከ ዛሬ ስመረምረው ስህተት አላገኘሁበትም፤ ግን ያን መልስ የሰጠሁት ረቡዕ ነበር፣ ያወቅሁት ደግሞ ሰኞ።

ሐሙስ ጠዋት ጥርት ያለ ነበር። ስድስት ሰዓት ላይ ጣሪያው ሲንጣጣ ላይኛውን ዶ ነካሁ። ቆሟል! ቴፒ ተቃጥላ እሱ ንቅንቅ አላለም። ከሳንቃው ወዲያ ደካማ ድምፅ፣ ያንኑ ዶ በጉሮሮው ይዞ አብሮ ዘመረ። ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆኑ። በሕይወቴ ሠርቼ ካዘፈንኩት ሁሉ እንደዚያ ያለ ነገር አልሰማሁም።

በሩን ደበደብኩ። ጓድ ተካ ላቡን እየጠረገ ገባ። መጀመሪያ በጥቅልሉ ተጫወትኩለት፤ ከዚያ ጥቅልሉን አላቅቄ የድሮውን ሬዚስተር መለስኩና ደገምኩለት። ሙዚቃ የማያውቀው ጓድ ተካ ሳይቀር ፊቱን አጨማደደ።

“እና እሑድ ጤነኛ ነው ያልከን?”

“ይህ በሽታ በጠዋት አይታይም፤ አገር ውስጥ ያሉ መሐንዲሶችም አያገኙትም። አራት ቀን ፈጀብኝ፤ አገኘሁት። ያዕቆብ ጥፋት የለበትም።”

ሰማችሁ? ያኔም እንኳ “ተሳስቻለሁ” አላልኩም። በጉራ ቆልፌበት በጉራ ከፈትኩለት። ጓድ ተካ ጣቱን ቆጠረ፣ መሣሪያውን አየ፣ ሳንቃውን አየ። “ክፈቱለት” አለ። ያዕቆብን ደግፈው ወደ ክሊኒክ ወሰዱት። አርብ የተባሉት እንግዶች መንገዱ ስለተናደ ጭራሽ አልመጡም።

በማግስቱ፣ ቅዳሜ፣ መኪና ከናዳው ወዲያ ማዶ እየጠበቀ ነበርና በእግር ተነሣሁ። ያዕቆብ መድኃኒት ወስዶ ተሽሎት ነበር፤ እግሩ እየተንቀጠቀጠም ሣጥኔን ይዞ እስከ ናዳው ሸኘኝ። ጭቃው ጠርዝ ላይ ስንደርስ ሣጥኑን አቀበለኝ።

“እግዚአብሔር ይስጥህ” አለኝ። “ሌላ ሰው ቢሆን አይሠራውም ነበር።”

“ምን አላት!” አልኩ ደስ ብሎኝ።

“ሰኞ ቀትር ላይ ሦስት ጊዜ ነክተህ ተውከው። አራተኛውን ስጠብቅ ነበር። ከዚያ ወደ በሩ ስትሄድ እርምጃህን ሰማሁ።”

ሣጥኑን ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

“ከበሩ ስትመለስም ሰማሁ” አለ። ክፋት አልነበረበትም፤ የሰማውን ነው የነገረኝ፣ ልክ “አሁን ወረደ” እንደሚለኝ። ከዚያ ዞሮ ሄደ።

ባለፈው ዓመት አንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሱቄ መጥቶ፣ ከሙቀት ጋር የሚጨምር ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሠራ ሬዚስተር ውጭ አገር እንደሚሸጥ በስልኩ አሳየኝ። “እኔ ከስልክ ደወል ሠርቼዋለሁ” ብዬ ይህንኑ ታሪክ ነገርኩት፤ አፉን ከፍቶ አዳመጠኝ። ስለ በሩ ግን አልነገርኩትም።

ማክሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ አልማዝ ተመልሳ ማጉያዋን ወሰደች። “ምን ተገኘበት ታዲያ?” አለችኝ። “ዕቃ ሲሞቅ ጠባዩን ይለውጣል፤ ቀትር ላይ ነው የሚታወቀው” አልኳት። ግማሹ ይኸው ነው፤ ለዕቃ ይሠራል።

ያዕቆብ ዛሬ ጌጫ ነው የሚኖረው፤ ፀጉሩ ነጭ ሆኗል፤ መዘምራን ያሠለጥናል። የቤተ ክርስቲያኑ መሣሪያ ሲበላሽ በአውቶቡስ ተሸክሞ እኔው ዘንድ ያመጣዋል። ጠዋት ሠርቼ እጨርስና መሣሪያው ይዘፍናል፤ እሱ ግን አይነሣም። በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሙዝ እየላጠ ጥላው እስኪያጥር ይጠብቃል። ቀትር ላይ ላይኛውን ዶ እነካለታለሁ፤ ራሱን ይነቀንቅልኛል። እስከ ቀትር ለምን እንደማቆይ ጠይቆኝ የማያውቅ ደንበኛ እሱ ብቻ ነው። እኔም “ሰኞ ዕለት መናገር ነበረብኝ” ልለው አፌን የከፈትኩበት ቀን ብዙ ነው። በሩ ድረስ እሄድና እመለሳለሁ። እርምጃዬን ይሰማዋል።